ከቮልስ እስከ ቢ.ዋይ.ዲ.፦ የሮቫ ቤት የመኪና ክርክርና ከአዲስ አበባ የመጣው ስልክ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሻባት ሊገባ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቶታል። በአሽዶድ ሮቫ ቤት፣ ከእኛ ሕንፃ ሥር ያለችው የመኪና ማቆሚያ እንደ ልማዷ በሰው ተሞልታለች። አንዱ መኪናውን ያጥባል፤ አንዱ ኮፈን ከፍቶ ዘይት ይለካል፤ የቀሩት ከበው ቆመው አስተያየት ይሰጣሉ። እዚህ ቦታ አስተያየት ሰጪ ከሠራተኛ አንሶ አያውቅም።

የዚያን ዕለት መነጋገሪያው አንድ ጎረቤታችን ይዞት የመጣው አዲስ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ነበር። ሲነሣ ድምፅ የለውም። መሪው አጠገብ የቴሌቪዥን ያህል ስክሪን አለው። አጎቴ አንዴ ዞሮ አየውና፣ “ይሄ መኪና ነው ወይስ ስልክ?” አለ። ሁሉም ሳቀ። ባለመኪናው ግን መልስ አላጣም። “ጋሼ፣ ስልክም ቢሆን ቴል አቪቭ ደርሶ ይመለሳል። የእርስዎ ዘመን ቮልስ እኮ በግፊ ነበር የሚነሣው!” አጎቴም አልተሸነፈም። “በግፊም ቢሆን ይነሣ ነበር። ይሄ አንድ ቀን ቢተኛብህ ማን ገፍቶ ያስነሣልሃል?”

አጎቴ እስራኤል የገባው በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ነው። ከዚያ በፊት ከጎንደር መጥቶ አዲስ አበባ ተራውን ሲጠብቅ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆኖ ወራት ሠርቷል። ካንዴላ መፍታትና ካርቡራተር ማጠብ የተማረው እዚያ ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ የተወለድኩ ነኝ፤ መኪናዬን በደንብ የማያት ቴስት ሲደርስ ብቻ ነው።

ክርክሩ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር፣ በመሃል ከአዲስ አበባ ስልክ ባይደወል። የደወለው የአክስቴ ልጅ ነው። የአዲስ አበባ ሰው “ዲኤክስ” በሚላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ሰው እያመላለሰ ቤተሰብ ያስተዳድራል። አሁን እሷን ሸጦ ኤሌክትሪክ መግዛት ይፈልጋል። የጎደለውን እኛ እንድንሞላለት ነው የደወለው። አጎቴ ስልኩን ዘጋና የተሰበሰበውን ሰው አየ። “እሺ፣ አዋቂዎች፣ አሁን ተናገሩ” አለ። ማንም አልተናገረም።

እንዲህ ያለ ስልክ የሚደወለው ለእኛ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ጉዳዩን ቁጭ ብዬ አየሁት። ያገኘሁትን እነሆ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መርከቡ ለምን ወደ እኛ መጣ?

የጎረቤታችን መኪና ከመርከብ የወረደው እዚሁ አሽዶድ ወደብ ነው። ይህ አዲስ ነገር ነው። እስከ 2023 ድረስ ከቻይና፣ ከኮሪያና ከጃፓን የሚመጡ መኪናዎች በብዛት የሚራገፉት ኤላት ነበር። መርከቡ በባብ ኤል መንደብ ይገባል፤ ቀይ ባሕርን አቋርጦ በቀጥታ ኤላት ይደርሳል።

በኅዳር 2023 የየመን ሁቲዎች “ጋላክሲ ሊደር” የተባለችውን መርከብ ጠለፉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፣ መርከቧ የመኪና ማጓጓዣ ነበረች። ከዚያ በኋላ ጥቃቱ ሲቀጥል የመኪና መርከቦች ቀይ ባሕርን ትተው አፍሪካን በመዞር ወደ አሽዶድና ወደ ሃይፋ መምጣት ጀመሩ። የኤላት ወደብ ሥራ ፈታ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ገና ላስቲካቸው ያልተላጠ መኪናዎች ተደረደሩ።

ኢትዮጵያም የምትጠቀመው ያንኑ የባሕር መንገድ ነው። የአክስቴ ልጅ የሚመኘው መኪና ከቻይና ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። የጎረቤታችንም ከቻይና ተነሥቶ አሽዶድ ይገባል። ሁለቱን መኪናዎች አንድ ፋብሪካ ሠርቷቸው ሊሆን ይችላል። ገዢዎቹ ግን የገዙበት ምክንያት ለየቅል ነው።

ምርጫው የማን ነበር?

የመኪና ወዳጆች ስለ ጣዕም ማውራት ይወዳሉ። “እኔ የጀርመን ሰው ነኝ”፣ “እኔ ከጃፓን አልወጣም” ይባላል። ታሪኩን ስናይ ግን መንገዱን የሞላው መኪና ብዙውን ጊዜ የመጣው በመንግሥታት ወዳጅነትና ጠብ ነው።

እስራኤልን እንይ። በ1960ዎቹ “አውቶካርስ” የተባለ የሃይፋ ኩባንያ ሱሲታ የምትባል መኪና ይሠራ ነበር። አካሏ ከፋይበርግላስ ስለነበር “ግመል በላት” የሚለው ቀልድ እስከ ዛሬ አልጠፋም። አገሪቱ ከውጭ የሚገባ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጥላ የራሷን ልትሠራ ሞከረች፤ አልዘለቀም። ከዚያ የሱባሩ ዘመን መጣ። በዓረብ አገሮች ማዕቀብ የተነሣ ትልልቆቹ የጃፓን ኩባንያዎች ወደዚህ ለመሸጥ ሲፈሩ፣ ሱባሩ ግን መጣ። ለዚህ ነው በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ የእስራኤል ጎዳና በሱባሩ የተሞላው። ቶዮታ የገባው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ወላጆቻችን ከአውሮፕላን ሲወርዱ በየሠፈሩ ያዩት ሱባሩ የማዕቀብ ልጅ ነበር ማለት ነው።

ኢትዮጵያም ያው ናት። በ1907 መጨረሻ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ዘመን የራሱ መኪና አለው። ከጣሊያን ጋር የነበረው ግንኙነት ፊያትን አመጣ፤ ትንሿ ሴይቼንቶ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ሠርታለች። በንጉሡ ዘመን ቮልስዋገን፣ በእኛ አጠራር ቮልስ፣ የመምህሩም የሐኪሙም መኪና ነበረች። መስከረም 12 ቀን 1974 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ስንት ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሥ በቮልስ ወጡ።

ደርግ ከሶቭየት ኅብረት ጋር ሲወዳጅ ላዳ መጣች። ላዳ ራሷ የፊያት 124 ልጅ ናት፤ ሩሲያዎቹ የጣሊያኖቹን ዲዛይን ወስደው ነው የሠሯት። አጎቴ እንደሚለው፣ ፊያት የለመደ መካኒክ ላዳን ሲከፍት የድሮ ጎረቤቱን ያገኘ ያህል ነበር። ከ1991 በኋላ ቶዮታ ነገሠ፦ ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ ሃይ ኤስ፣ ለባለሥልጣን ደግሞ ቪ ኤይት። ሕዝቡም እንደየጠባያቸው ስም አወጣላቸው። ሃይ ኤሱን “አባዱላ”፣ አገር ውስጥ አካል የተገጠመለትን አውቶቡስ “ቅጥቅጥ”፣ ያለ ልክ የሚበረውን የአይሱዙ ጭነት መኪና “አልቃይዳ” አለው። ሐረር ከሄዱ ደግሞ የ404 ፔዦ ታክሲ ዛሬም ሰው ሲያመላልስ ያያሉ።

አሁን ያለንበት የቻይና ኤሌክትሪክ ዘመን ነው። ይህም እንደ ቀደሙት በመንግሥት ውሳኔ የመጣ ነው።

ሁለት መንግሥታት፣ አንድ መኪና

የኢትዮጵያ መንግሥት በጥር 2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ውሳኔውን ያሳወቁት የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ናቸው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ እገዳ በሥራ ላይ ያዋለ የመጀመሪያው አገር ኢትዮጵያ ናት። ምክንያቱ ደግሞ ከአየር ንብረት ይልቅ ዶላር ነው። አገሪቱ ነዳጅ ሁሉ የምትገዛው ከውጭ ነው፤ ለዚህም በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች። መብራቱ ግን ከራሷ ወንዝ ነው። በመስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

እገዳው በአንድ ቀን የመጣም አይደለም። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2022 ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነ፤ ተገጣጥሞ ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ብቻ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሩ ለነዳጅ መኪና ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። መንግሥት በአገሪቱ ያሉት ኤሌክትሪክ መኪናዎች ከ100 ሺህ በላይ መድረሳቸውን ይናገራል። ጠቅላላ የተመዘገበው ተሽከርካሪ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም ለማይበልጥበት አገር ይህ ትልቅ ቁጥር ነው።

እስራኤል የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። እዚህ የተከለከለ ነገር የለም፤ ያለው “ማስ ክኒያ” ነው፣ የግዢ ታክስ ማለት። በተራ የነዳጅ መኪና ላይ 83 በመቶ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ እስከ 2022 ድረስ 10 በመቶ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ሮጠ፤ በ2023 በአገሪቱ ከመኪናዎች ሁሉ በላይ የተሸጠው የቢ.ዋይ.ዲ. አቶ 3 ሆነ። ሰዉ ከለመደ በኋላ ታክሱ ወደ ላይ ወጣ፦ በ2023 20 በመቶ፣ በ2024 35 በመቶ፣ በ2025 45 በመቶ። የገንዘብ ሚኒስቴር ደግሞ ከነዳጅ የሚያጣውን ገቢ ለመተካት በኪሎ ሜትር 15 አጎሮት የማስከፈል ሐሳብ ሲያቀርብ ቆይቷል።

ሁለቱን ስናነጻጽር አንድ ነገር ይታየናል። መንግሥት ዛሬ የሰጠውን ርካሽ ዋጋ ነገ ሊያነሣው ይችላል። ገዢው ግን መኪናውን የሚይዘው ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥትም ዛሬ የተወውን ታክስ አንድ ቀን አያስብም ማለት አይቻልም፤ የነዳጅ ታክስ ሲቀንስበት ከየት ያመጣዋል?

አሮጌ መኪና፦ እዚህ ጌጥ፣ እዚያ እንጀራ

ወደ ሮቫ ቤቱ ክርክር እንመለስ። አጎቴ “አሮጌ ይሻላል” ሲል ጎረቤታችን የሚሰማው ናፍቆት ነው። እውነትም እዚህ አገር አሮጌ መኪና የናፍቆት ዕቃ ነው። መኪና ከተሠራ 30 ዓመት ሲሞላው “ሬኬቭ አስፋኑት”፣ ማለትም የሰብሳቢ መኪና ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የዓመት ክፍያው ይቀንሳል። በምትኩ በሥራ ቀን ጠዋት በእስራኤል ሰዓት ከ7 እስከ 9 መንዳት ክልክል ነው። ሕጉ በሌላ አነጋገር “ይህ መኪና መጫወቻህ ነው፣ ሥራ አትሂድበት” ይላል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አሮጌ መኪና ጠዋት ሥራ መሄጃ፣ ማታ እንጀራ ማምጫ ነው። ከዚያም በላይ ቁጠባ ነው። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ባንክ ብር ያስቀመጠ ሰው ሲያለቅስ ግቢው ውስጥ ዲኤክስ ያቆመ ሰው ተረጋግቶ ተኛ። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ዲኤክሱን ሲሸጥ መኪና ብቻ አይደለም የሚሸጠው፤ ከክፉ ቀን መውጫውንም ነው።

ግን ለምንድን ነው ያቺ የአርባ ዓመት መኪና ዛሬም ገዢ ያላት? ስለምታምር አይደለም። ሰው ስለሚያውቃት ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ቢሄዱ መለዋወጫዋ አለ፤ የኦሪጂናሉ ካልተገኘ የሌላ መኪና ተስተካክሎ ይገጠምላታል። ቮልስም እንደዚያው ነች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ በ2003 ሜክሲኮ ላይ ምርቷ ቆመ። አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬም ትሄዳለች፤ ምክንያቱም እውቀቷ ከፋብሪካ ወጥቶ ሠፈር ገብቷል። አባት ለልጅ፣ መካኒክ ለረዳት አስተምሮታል። አጎቴም ከተማሩት አንዱ ነው።

ማን ይጠግነዋል?

አሁን አዲሱን መኪና በዚሁ ዓይን እንየው። አዲስ አበባ ላይ በብዛት ከሚታዩት ኤሌክትሪክ መኪናዎች መካከል የቮልስዋገን አይ.ዲ. 4 እና አይ.ዲ. 6 ይገኛሉ። ስሙ ያው ቮልስ ነው፤ የመጣው ግን ከቻይና ፋብሪካ፣ ለቻይና ገበያ የተሠራ ሆኖ ነው። ብዙዎቹ የገቡት በኩባንያው ወኪል ሳይሆን በነጋዴዎች እጅ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ የሆነበት ባለመኪና ብዙ ነው። እሱ ይለመዳል፤ ሥዕሉን አይቶ መጫን ነው። የሚከብደው ዋስትናው ነው። አብዛኛው አምራች ለባትሪ 8 ዓመት ያህል ዋስትና ይሰጣል፤ ዋስትናው ግን የሚሠራው ኩባንያው በሚያውቀው ሻጭ በኩል ሲገዛ ነው። በሦስተኛ አገር በኩል የመጣ መኪና ችግር ቢገጥመው ወዴት ይኬዳል?

ለኤሌክትሪክ መኪና ፍትሐዊ መሆን አለብን። የሚሰበር ነገሩ ትንሽ ነው። የሞተር ዘይት የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም። መብራቱ ከነዳጅ እጅግ ይረክሳል። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው፣ እንደ አክስቴ ልጅ ላለ፣ ቁጠባው እውነተኛ ነው። ነዳጅ ለመቅዳት የሚሰለፍበት ሰዓትም ይተርፈዋል። መሙያ ጣቢያም እየተከፈተ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2025 ቦሌ አካባቢ ፈጣን ጣቢያ ከፍቷል። ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ምክንያቱ ጠንካራ ነው። ከከተማ ሲወጡ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም።

ከአገር ውስጥ ሙከራም የምንማረው አለ። ሆላንድ ካር የተባለው ድርጅት ከ2005 ጀምሮ መኪና ይገጣጥም ነበር፤ አባይና ተከዜ እያለ በወንዞቻችን ስም ሰየማቸው። በ2013 ሥራ አቆመ። የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር በ2020 የሃዩንዳይ አዮኒክ ኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ላይ ገጣጥሞ አሳየ። መገጣጠም እንደሚቻል ታይቷል። ነገር ግን ሻጩ ሲጠፋ መኪናው ይቀራል፤ ያኔ ባለቤቱ የሚተማመነው በሠፈሩ መካኒክ ነው።

እዚህ እስራኤልስ? እዚህ ወኪል አለ፣ ሕግ አለ፣ ሙሳክ አለ። ቢሆንም ጥያቄው በሌላ መልክ መጥቷል። በ2025 መጨረሻ የእስራኤል መከላከያ ሠራዊት ለመኮንኖች የተሰጡ የቻይና መኪናዎችን መሰብሰብ ጀመረ፤ ሥጋቱ ካሜራቸውና ከኢንተርኔት ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው። “ስልክ ነው ወይስ መኪና?” ያለው አጎቴ ሳያስበው ወታደሮቹ የጠየቁትን ጠይቋል። የመኪናው አእምሮ ከባለቤቱ እጅ ውጭ ነው። ቮልስን ማንም በርቀት ሊያዘምናት ወይም ሊዘጋት አይችልም ነበር።

ስለዚህ የእኔ መደምደሚያ ይህ ነው። የትኛው መኪና መንገድ ላይ እንደሚወጣ መንግሥት ይወስናል። የትኛው ሠላሳ ዓመት እንደሚቆይ የሚወስነው ግን ጠጋኙ ነው። ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መኪና ማስገባቷ ከዶላሯ አንጻር ትክክለኛ ሐሳብ ነው እላለሁ። ነገር ግን መኪናው ገብቶ እውቀቱ ካልገባ፣ ከስምንትና ከአሥር ዓመት በኋላ ግቢ ሙሉ የቆመ መኪና ይኖራል። ዕዳው ደግሞ የባለታክሲው ነው፤ ምናልባትም ገንዘብ የላከው የአሽዶድ ቤተሰብ።

የብርቱካን ቀለም ገመድ

አጎቴ እሑድ ዕለት ለአክስቴ ልጅ መልሶ ደወለ። አራት ነገር ጠየቀው። ዋስትናውን የሚያከብረው ማን ነው? የምትሞላው ቤትህ ነው ወይስ ሌላ ቦታ፣ መብራት ሲጠፋስ? መኪናው በቀን ሥራህ ዕዳውን በስንት ዓመት ይከፍላል? ደግሞስ ሠፈርህ ውስጥ የሚጠግነው ማን ነው?

ልጁ በሦስት ቀን ውስጥ ለሦስቱ መልስ ይዞ መጣ። ግቢው ውስጥ ቆጣሪ አለ፤ ሒሳቡን በወረቀት ሠርቶ ፎቶ ላከልን፤ ወኪል ያለው ሻጭም አግኝቷል፣ ዋጋው ትንሽ ወደድ ቢልም። አራተኛው ላይ ግን ቆመ። ዲኤክሷን ዓመታት ሲጠግንለት የኖረው መካኒክ የአንዱን ደንበኛ ኤሌክትሪክ መኪና ኮፈን ከፍቶ ወፍራሞቹን ብርቱካንማ ገመዶች ሲያይ መልሶ ዘጋው አሉ። ልክ ነው። እነዚያ ገመዶች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማሉ፤ ሳይማሩ የነካካቸው ሰው ሊሞት ይችላል።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተነጋገረ። እናቴ “እንላክለት” አለች፤ ታናሽ ወንድሜ “ይጠብቅ” አለ። በመጨረሻ ገንዘቡን ለመላክ ተስማማን፤ በሁለት ቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ ከወኪሉ ይግዛ፣ ቢወደድም። ሁለተኛውን ያመጣው አጎቴ ነው። “ከገንዘቡ ላይ ትንሽ ቀንሰህ ለዚያ መካኒክ ሥልጠና ክፈልለት። ሰውየው ቢማር ላንተ ብቻ አይደለም፣ ለሠፈሩ ነው።”

ዓርብ ዕለት ጎረቤታችን መኪናውን ሲያጥብ አጎቴ አጠገቡ ቆሞ ነበር። “እስቲ ኮፈኑን ክፈተው” አለው። ከፈተለት። አጎቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ምንም ሳይነካ፣ ብዙ ደቂቃ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ይሄን የሚያስተምሩበት ቦታ እዚህ አሽዶድ አለ እንዴ?” አለኝ። ስድሳውን አልፏል። እየፈለግሁለት ነው።